በከርከዴ የተቀባ ካርታ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ አናደደኝ። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ጨዋ ነው፤ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ብርቱካን ሳይዝ አይመጣም። ያናደደኝ በኮምፒውተሩ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ የሠሩበት ሙያ ዛሬ የት እንደደረሰ ላሳይዎት» አለና ጭኔ ላይ አስቀምጦ ከፈተልኝ። ከመሬት በታች ያለ ዓለት ነው አለኝ። ዓለቱ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሆኖ የሠርግ ዳስ መስሏል። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ከዚያ ልጁ በጣቱ አንድ ቦታ ነካ ሲያደርግ ቀዩ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ፤ ሰማያዊው ሁሉ ቀይ ሆነ። ከዚያ ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰላችሁ? «አለቆቼ በየትኛው ቀለም ቢያዩት ይሻላል ይላሉ?»

ደሜ ፈላ። የደም ግፊት ኪኒኔን ፍለጋ ስነሳ መነጽሬን ረገጥኩት። ልጁ ደነገጠ። ምን አጠፋሁ ይላል። ምንም አላጠፋም፤ ያልፈጠረው ችግር ነው። እናንተም አንድ ቀለም ምን ያህል ያናድዳል ትሉ ይሆናል። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ፤ ከዚያ ፍረዱ።

ሙያዬ የድንጋይ ድምፅ ማዳመጥ ነበር። ሳቁ፤ ባለቤቴም ስንጋባ ስቃለች። ነገሩ እንዲህ ነው። መሬት ይቆፈርና ደማሚት ይቀበራል። ሲፈነዳ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዓለት ሲያገኝ ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል። እኛ ላይ ሆነን መሬት ላይ በሰካናቸው መሣሪያዎች እናዳምጠዋለን። ሠራተኞቹ መሣሪያዎቹን «ጆሮ» ነበር የሚሏቸው። የገደል ማሚቶ በሉት፤ ገደሉ ከእግራችሁ ሥር ነው እንጂ። ከእኛ በፊት የነበሩት የሚያዩት ማሚቶው መቼ እንደተመለሰ ብቻ ነበር፤ ዓለቱ ምን ያህል እንደራቀ ለማወቅ። በእኔ ጊዜ ግን የድምፁ ጠባይ ይጠና ጀመር። በርትቶ ነው የተመለሰው ወይስ ደክሞ? ቀጥኖ ነው ወይስ ወፍሮ? መጀመሪያ የረገጠው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? ምን ይደንቃል? ሰው በር ሲያንኳኳ ማን እንደሆነ ትለዩ የለም ወይ? የጎረቤት ልጅ ሲያንኳኳና የቀበሌ ሰው ሲያንኳኳ አንድ ነው? በደርግ ጊዜማ አገሩ ሁሉ የዚህ ሙያ ሊቅ ነበር።

እንግዲህ ጋዝ ያዘለ ዓለት ድምፁን አበርትቶ ይመልሰዋል። ግን ቀጭን ቀጭኑን ይበላዋል፤ አረጋገጡንም ይገለብጠዋል። ጥቁር ድንጋይም አበርትቶ ይመልሳል። እሱ ግን ቀጭኑን አይበላም፤ አረጋገጡንም አይገለብጥም። ስለዚህ «ድምፁ በርትቶ መጣ» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስናገራት ማንም አልያዘልኝም።

አሁን ወደ መተማ ቆላ እንውረድ። ደርግ ነዳጅ ይፈለግ ብሎ አዞ፣ ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር አንድ በጋ ሙሉ በሸሕዲና በመተማ መካከል ስናፈነዳ ከረምን። እኔ ረዳት ነበርኩ። የቆላውን በጋ የማታውቁ፣ አትወቁት። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ይሰነጠቅና እግር የሚውጥ ይሆናል። ወንዙ ይደርቃል። ሰዉ የወንዙን አሸዋ እየጫረ ከሥሩ የምትመጣውን ውሃ በቅል ይቀዳል። ለአንድ እንስራ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ካስቸገረን ሁሉ የሚብሰው ጸጥታ ማግኘት ነበር። ጆሮዎቹ የሰው ኮቴ እንኳ ይሰማሉ፤ ደማሚት ሲፈነዳ ማንም ንቅንቅ እንዳይል እንለምናለን። ሰዉ እሺ ይላል። የሽመል ውሃ ገበሬ ማህበር ሊቀመንበር የአያ ውበቱ በቅሎ ግን እሺ አትልም። በፈነዳ ቁጥር ትጋልባለች። እስከ ዛሬ የአገራችን የጂኦፊዚክስ ወረቀት ውስጥ አንዲት ወፍራም፣ ዝቅ ያለች፣ ሩጫ ሩጫ የምትል ሞገድ አለች። ከመሬት በታች ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። የአያ ውበቱ በቅሎ ናት።

ክረምት ሲገባ የውጭዎቹ ሄዱ፤ እኔ ጎንደር መሥሪያ ቤታችን ገባሁ። የቀዳነውም ውጭ አገር ተልኮ በኮምፒውተር ተሠራና በትልልቅ ወረቀት ላይ ቁጥር በቁጥር ሆኖ ተመለሰ። ቁጥሩን በእጅ ቀለም ማልበስ የእኔ ሥራ ነበር። በርትቶ የተመለሰበት ቦታ ቀይ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ የደከመው ሰማያዊ፤ ደንቡ እንዲህ ነው። ሥራው ሲጋመስ አለቃዬ መጡና ካርታው ለአውራጃው ኤግዚቢሽን በአስቸኳይ ይፈለጋል አሉ። የአብዮት በዓል ደርሷል። ቀይ እርሳሴ ደግሞ አልቋል።

ንብረት ክፍል ሄድኩ። ቀይ የለም። ቀይ እርሳስ፣ ቀይ ቀለም፣ ቀይ ወረቀት፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቀይ የሆነ ነገር በሙሉ ለበዓሉ ወጪ ሆኗል። ለመፈክር፣ ለግድግዳ ጋዜጣ፣ ለሠልፍ። ለአንድ ካርታ የምትበቃ ቁራጭ እንኳ ከበዓሉ ብትመለስልኝ ብዬ ጠየቅኩ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከአብዮቱ ላይ ቀይ ይቀነስ ነው የምትለው ወይ አለኝ። ዝም አይነቅዝም። ሰማያዊ ግን እንደ ልብ ነው አለኝና በካርቶን ሰጠኝ።

ምን ላድርግ? በርትቶ የተመለሰበትን ቦታ ሰማያዊ ቀባሁት። የደከመውን ነጭ ተውኩት። ሽመል ውሃ ላይ አንድ ትልቅ ድፍን ሰማያዊ ወጣ። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ አልተበላም፣ አረጋገጡም አልተገለበጠም። እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ፤ ከካርታው በታች በትልቁ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰማያዊ ማለት በርትቶ የተመለሰ ድምፅ ነው። የውሃ ምልክት አይደለም።» ከዚህ በላይ ምን ልጻፍ? በእልልታ ላጅበው?

ካርታው ሄደ። በዓሉ አለፈ። ጥቅምት ላይ እኔ አንዳንድ ቦታዎችን መሬት ላይ ላመሳክር በላንድሮቨር ወደ ቆላ ወረድኩ። ሽመል ውሃ ስደርስ ሕዝቡ ተሰብስቧል። ፊት ለፊቱ ሁለት ምሰሶ ተተክሎ የኔ ካርታ ተዘርግቷል። ካርታው ሥር ጓድ መርሻ ቆሟል። ጓድ መርሻ ከአውራጃው የተላከ ካድሬ ነው፤ ወጣት፣ ኮፍያው የማይወልቅ፣ ድምፁ ያለ ማጉያ ሸሕዲ የሚሰማ። ይቺ አገር ለዘመናት ውሃ የተጠማችው አድኃሪያን ከርሠ ምድሯን ሳያውቁ በመቅረታቸው ነው ይላል። አሁን ግን ሳይንስ ተናግሯል፤ ከእግራችሁ ሥር ሐይቅ አለ ይላል። በበትሩ ሰማያዊዬን ይመታታል።

ሕዝቡ አጨበጨበ። በፍርሃት ብቻ ያጨበጨቡ እንዳይመስላችሁ፤ እሱንማ ሁላችንም እንችልበት ነበር። እነዚህ ግን ውሃ ጠምቷቸው ነው ያጨበጨቡት። አሸዋ ሲጭሩ ጥፍራቸው ያለቀ ሴቶች እልል አሉ። እኔ ያን ጊዜ ያንገበገበኝ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሰው በሌላ ነገር ይታለል፤ በጥሙ ይታለላል? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባል ነበር፤ ጓድ መርሻ ላሟን ከሰማይ አውርዶ መሬት ውስጥ ቀበራት።

ሐይቁ የሚቆፈረው የት ነው? የሰማያዊው መሐል ላይ ነዋ። የሰማያዊው መሐል የማን ማሳ ነው? የእትየ አንጓች። እትየ አንጓች ባላቸው የሞተባቸው፣ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ንግግራቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። የመሬት አዋጁ ቅጥር ቢከለክልም ባል የሌላት ሴት አጫጅ መቅጠር ይፈቀድላት ስለነበር ከጎጃም የወረዱ አጫጆች ይዘው ማሳቸው ዳር ቆመዋል። ሰሊጡ ደርሷል። የሰሊጥን ነገር ታውቃላችሁ? እንደ ማሽላ አይታገስም። ቀኑ ሲደርስ ፍሬው አፉን ይከፍታል። ያን ጊዜ ካልታጨደ፣ ነፋስ ነካ ባደረገው ቁጥር የዓመት ልፋት እየተራገፈ ዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ለቃሚ የለው፣ አፋሽ የለው። ማሽላው ለሆዳቸው ነው፤ ልብሱም፣ ጨውም፣ የቤት ክዳኑም ከዚያ ሰሊጥ ነው። እሱ ከጠፋ ቆላው ላይ የሚያቆያቸው ነገር አልነበረም። ደጋ ወጥቶ ወንድም ቤት ጥግ ይዞ መኖር ነው። የወንድም ሚስት ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች፣ በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

ጓድ መርሻ አጫጆቹን ጠራና ማጭዳችሁን አስቀምጡ፣ ዶማ ያዙ አለ። ዘመቻ ነው። ቁፋሮው የሚጀመረው ዛሬ ነው፤ ሰሊጡ ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ይረገጣል።

ወደ ፊት ወጣሁ። ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ይህ ውሃ አይደለም አልኩ። የሚባለው ቦታ እንኳ በዶማ የሚደረስበት አይደለም፤ የጎንደርን ግንብ እያነባበሩ ቢከቱበት ዝም ብሎ የሚውጥ ጥልቀት ነው አልኩ። ስለ ቀጭኑ ድምፅ አስረዳሁ። ስለ አረጋገጡ አስረዳሁ። ጓድ መርሻ በትዕግሥት አየኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ጣና ካርታ ላይ በምን ቀለም ነው የሚሣለው?»

«በሰማያዊ።»

«በቃ!»

ሕዝቡ እንደገና አጨበጨበ። ከታች የተጻፈውን ያንብቡልኝ ብዬ ለመንኩ። የታችኛው ጽሑፍ ለባለሙያ ነው አለኝ። ባለሙያው እኮ እኔ ነኝ! የጻፍኩትም እኔ ነኝ! ታዲያ ለማን ነው የጻፍኩት፣ ለራሴ? ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ሕዝብ የተጠማውን ውሃ ለመደበቅ የሚፈልግ ባለሙያ በአሻጥር ሊጠየቅ እንደሚችል አውቃለሁ ወይ አለኝ። አውቃለሁ አልኩ። ማን አያውቅም?

ማሳው ዳር ስመለስ እትየ አንጓች ጠበቁኝ። ዶማዎቹ ከጥጉ ጀምረዋል፤ የመጀመሪያው የሰሊጥ መስመር ወድቋል። ሲወድቅ የሚሰማውን ድምፅ ብትሰሙት፤ ሽርርር ይላል። ሴትየዋ ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀሱም። ቆጡኝ።

«አንተ ነህ መሬቴን ሰማያዊ የቀባኸው?»

«እኔ ነኝ እትየ። ግን ከታች ጽፌያለሁ...»

«ምነው ልጄ፣ ሌላ ቀለም አጣህ?»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። በደንቡ ቀይ መሆን እንደነበረበት፣ ቀይ ለበዓሉ እንዳለቀ። እትየ አንጓች ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ቤት ውስጥ ጨው ሲያልቅ» አሉኝ፣ «ጎረቤት ይኬዳል እንጂ ወጡ በስኳር ይሠራል? ሂድ፣ ቀይ ፈልግ!»

እስቲ አሁን ይህ ምን ይባላል? የተማርኩት ሰውዬ የዓለቱን ጠባይ ሳስረዳ ቆሜ፣ መፍትሔው ቀይ መፈለግ ነው። የሚያናድደው ደግሞ ትክክል መሆኑ ነው። ካርታውን በደንቡ ቀለም ብሠራው ቢያንስ ከማሳቸው ላይ ሰማያዊው ይጠፋል። ሰማያዊው ከጠፋ ሐይቁም ይጠፋል።

ላንድሮቨሩን አስነስቼ ሸሕዲ ገባሁ። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ቀይ እርሳስ? የለም። ቀይ ብዕር? የለም። ሱቆቹ ራሳቸው የሉም ማለት ይቀላል፤ መደርደሪያ ነው ያለው። ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ መምህሩ ሳቀብኝ። ደክሞኝ ሐዋ ሻይ ቤት ገባሁ። ሐዋ ከወዲያ ማዶ ከሱዳን መጥታ አገር የለመደች ሴት ናት። ከርከዴ ቀዳችልኝ። ከርከዴን ታውቁታላችሁ፤ ደረቅ አበባ ተፈልቶ የሚጠጣው፣ ሱዳኖች የሚወዱት። ንዴቴን ልነግራት እጄን ሳወራጭ ብርጭቆውን ነጭ ሱሪዬ ላይ ደፋሁት። ሐዋ ሳቀች። በቃ፣ ይሄ ሱሪ ቀይ ነው፣ እርሳው አለችኝ።

ሱሪዬን አየሁት። ቀይ ነው። እንዴት ያለ ቀይ! አብዮቱ ሳያየው የቀረ ቀይ።

አፍልተሽ አወፍሪልኝ አልኳት። ወረቀት ላይ ሲደርቅ እንዳይጠቁር ሎሚ ጠብ አድርግበት ብላ መከረችኝ። ከላንድሮቨሩ ለማመሳከሪያ የያዝኩትን ንጹሕ የቁጥር ወረቀት አወጣሁና ሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በጥጥ እየነከርኩ ቀባሁ። ሽመል ውሃ ላይ ድፍን ቀይ ወጣ። ከታች በትልቁ ጻፍኩ፦ «ቀይ ማለት በርትቶ የተመለሰ ድምፅ ነው። ጥቁር ድንጋይ ሳይሆን አይቀርም። የነዳጅ ምልክት አይደለም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለምን እንደጨመርኳት አላውቅም። ልቤ ሳይጠረጥር አልቀረም።

በማግሥቱ ጠዋት ካርታውን ለጓድ መርሻ ሰጠሁት። በደንቡ ቀለም የተሠራው ይህ ነው፣ ያኛው ቀለም አልቆብኝ ነው አልኩ። ዘረጋው። ቀዩን አየ። ያ የማይወልቀው ኮፍያ ወለቀ።

«ነዳጅ!» አለ።

አይደለም አልኩ። ከታች ያንብቡ አልኩ። ጥቁር ድንጋይ ነው አልኩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እየጮኹ እውነት ሲናገሩ የሚሰማ ከጠፋ ምን ይደረጋል? እሱ ቀድሞ ትእዛዝ እየሰጠ ነው። ቁፋሮው ይቁም! ነዳጅ በዶማ አይነካም፣ እሳት ይነሳል። በማሳው ዙሪያ ሲጋራ ክልክል ነው። ይህ ከወረዳም ከአውራጃም በላይ ነው፤ ከማዕከል ትልቅ መቆፈሪያ ይመጣል። መቆፈሪያው ሲመጣ መሬቱ ንጹሕ ሆኖ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ሰሊጡ በአስቸኳይ ይታጨድ! ዘመቻ ነው!

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እትየ አንጓች ግን አልቀሩም። ያን ጊዜውኑ ማጭድ ያከፋፍሉ ጀመር።

እንደዚያ ያለ አጨዳ ከዚያም በፊት ከዚያም ወዲህ አላየሁም። የጎጃም አጫጆች፣ ሊቆፍሩ የመጡት ገበሬዎች ሁሉ፣ መምህራን፣ የአውራጃው ጸሐፊዎች፣ አያ ውበቱ በቅሏቸውን አስረው፣ ጓድ መርሻ እጅጌውን ሰብስቦ። ማጭድ አያያዙን አያውቅበትም፤ እትየ አንጓች ከኋላው እየሄዱ «እንደሱ አይደለም ጌታዬ፣ ዝቅ ብለው፣ ዝቅ ብለው» ይሉታል። ነዶው እየታሰረ ወደ ደጃቸው ተጓዘ። ተደጋግፎ ቆመ፤ ሂላ ይሉታል እነሱ። ነዳጁን የሚጠብቅ ባለጠመንጃም ተመደበ። ጥላ ሲፈልግ ሂላው ሥር ይቀመጣልና የሰሊጡ ዘበኛ ሆኖ አረፈው።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበረብኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህን ያለው ሰው ከርከዴ አያውቅም። ካርታው ገበሬ ማህበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ በየጠዋቱ እሄዳለሁ፤ ቀዩ በየጠዋቱ ይደበዝዛል። መጀመሪያ ወይን ጠጅ ሆነ፤ የከርከዴ ቀይ ሎሚው ሲለቀው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ሎሚ ቆርጬ ሰው ሳያይ አሸዋለሁ፤ ትንሽ ይመለሳል። ደግሞ ይሄዳል። ጓድ መርሻ ሎሚ ሎሚ ትሸታለህ ምነው ሲለኝ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። እንግዲህ ነጭ ሱሪዬ ላይ የተደፋው እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ መልቀቅ የሌለበት ነው የሚለቀው። በሩጫ ላይ ነን፤ ሰሊጡ ይቅደም ወይስ ቀለሙ? እትየ አንጓች ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ተለውጧል። እንዴት አደርክ የለም፤ «ቀይ ነው?» ነው። «ገና ነው እትየ» እላለሁ። «አይዞህ፣ የቀረው ጥግ ነው» ይሉኛል።

የመጨረሻው ነዶ ደጃቸው በቆመ ማግሥት ካርታው ሰማያዊ ሆነ። ደብዛዛ፣ ቆሻሻ፣ ግን ሰማያዊ።

ጓድ መርሻ ግድግዳው ፊት ብዙ ቆመ። እኔ የእስር ቤት ልብሴን በሐሳቤ እሰበስባለሁ። ዞር አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ቀድሞውንም ውሃ ነው ብዬ አልነበር አለኝ።

ተቆፈረ። አሁን ማሳው ባዶ ነው፤ ማን ይከፋዋል? እትየ አንጓች ራሳቸው ለቆፋሪዎቹ ጠላ ይዘው መጡ። የሰው ቁመት ያህል እንደወረዱ ዶማው እሳት ተፋ። ጥቁር ድንጋይ። እርግጥ እኔ ያልኩት ጥቁር ድንጋይ እሱ አይደለም፤ የእኔው ከዚያ እጅግ በታች ነው። ግን ማን ይለየዋል? ዶማው ታጠፈ፤ ዘመቻው ተበተነ። እኔም ተመስገን፣ በስተመጨረሻ ድንጋዩ ራሱ መሰከረልኝ ብዬ ጎንደር ተመለስኩ።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። ዝናብ ጉድጓዱን ሞላው። ሥሩ ድንጋይ ነውና ውሃው የትም አልሄደም። በጋውን አጋምሶ የሽመል ውሃ ከብት ሁሉ ጠጣበት። ጓድ መርሻም የተተነበየው ሐይቅ መገኘቱን ለበላይ አስታወቀ፤ ሹመት አገኘ። እኔ ደግሞ የምስክር ወረቀት ተላከልኝ። የሐይቁን ቦታ በካርታ በትክክል ስላመለከትኩ። ጽሑፉ ያለው በቀይ ቀለም ነው። ቀይ መጥቶ ነበር ማለት ነው!

እዚህ ላይ ነው ንዴቴ። ሁሉም አተረፈ። ከብቱ ጠጣ፣ ሰሊጡ ተሸጠ፣ ሰውዬው ተሾመ። የከሰረችው አንዲት እውነት ብቻ ናት፤ እሷንም ሁለት ጊዜ በትልቁ ጽፌያት ነበር።

በሌላ ሥራ ወደ መተማ ስወርድ እትየ አንጓች ቤት ጎራ አልኩ። ቤታቸው አዲስ ክዳን ለብሷል። የተቆላ ሰሊጥ አቀረቡልኝ። ያኔ የቋጠርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። እትየ፣ ቀዩም ነዳጅ አልነበረም፣ ሰማያዊውም ውሃ አልነበረም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የዝናብ ውሃ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ድምፅ በርትቶ መጣ ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ቀጭኑ መበላቱን ማየት ያስፈልጋል፤ አረጋገጡን ማየት ያስፈልጋል። እጄን እያወራጨሁ፣ ድምፄን እየጨመርኩ። እሳቸው አላቋረጡኝም። በደርግ ዘመን ማብራሪያዬን እስከ መጨረሻው ያዳመጡኝ ብቸኛ ሰው እሳቸው ናቸው። ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ገብቶኛል ልጄ» አሉ። «ግድ የለህም፣ አትበሳጭ። ለከርሞም ጥቅምት ሲገባ ብቅ በልና እንደዚያው ቀይ ቀባልኝ። ማሽላው ከዘገየም እሱን ጨምረው።»

ይኸውላችሁ፤ የእህቴ ልጅ አሁንም ኮምፒውተሩን ይዞ ይጠብቀኛል። የትኛው ቀለም ይሻላል ጋሼ ይላል። ቀጭኑ ድምፅ መበላቱን አይተሃል ወይ ልለው አሰብኩ። አረጋገጡንስ ልለው አሰብኩ። ከዚያ የተረገጠውን መነጽሬን ከወለሉ አነሳሁና፣ መጀመሪያ እዚያ መሬት ላይ ምን እንደተዘራ ጠይቅ አልኩት። ሰሊጥ ከሆነና አፉን ሊከፍት ከደረሰ፣ ሳትውል ሳታድር ቀይ አድርገው።